የአንበሳው ሐውልትና የአህዪት ጎድን

አንድ ጊዜ የሆነውን ልነግራችሁ ነው፤ አታምኑኝም። እንደማታምኑኝ ከአሁኑ እምላለሁ። ውሸት ከሆነ ይቺ የቀረችኝ አንዲት የፊት ጥርስ ትርገፍና ዘንድሮ የበቆሎ እሸት በዓይኔ ብቻ እያየሁ ልክረም። ያየውም የነገረኝም ቁራ ነው። ቁራ ደግሞ ሥጋ ይሰርቅ እንደሆነ እንጂ ወሬ ላይ እጁ ንጹሕ ነው።

በዱር አገር አንበሳ ነግሦ ነበር። ነግሦ ነበር ስላችሁ እንዲሁ እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ። ሲያዛጋ ሦስት ሸለቆ ይጨልማል። ሲያስነጥስ የወንዝ ማዶ ፍየሎች ሳይወዱ ወንዝ ይሻገራሉ። ይህ ንጉሥ ሁሉ ነገር ሞልቶለት ሳለ አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፉ ባንኖ ተነሳና ተጨነቀ።

«እኔ በተኛሁ ጊዜ እነዚህ ማንን ይፈራሉ?» አለ።

ለካ ንጉሡ በተኛ ቁጥር አገሩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይስቅ ኖሯል። አንበሳም አሰበ፣ አሰበና ትእዛዝ አወጣ፤ «የማይተኛ አንበሳ ሥሩልኝ! ከድንጋይ ይሁን። ከምንጩ አጠገብ ይቁም። ውሃ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ከመጎንጨቱ በፊት ሦስት ጊዜ እጅ ይንሳው።»

ድንጋዩ ያለው ቆላ ነው። ምንጩ ያለው ደጋ ነው። በመካከሉ ያለው ዳገት፣ ዝንጀሮ ቀና ብሎ አይቶት «ዛሬስ ቤቴ ልዋል» የሚልበት ዳገት ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ ማን አወጣው? እናንተ ደግሞ፣ ይሄም ይጠየቃል? አህዪት ናታ!

ሦስት ዓመት ሙሉ ጫኑባት። የሥራው ሹም ዝንጀሮ ነበር፤ እሷ ተጭና ልትነሳ ስትል «ቀለል ብሏታል፣ አንዲት ጨምሩባት» ይላል። አንዲቷ ተጨምራ ስትንገዳገድ «ይኸው እየደነሰች እኮ ነው» ይላል። በሁለተኛው ዓመት አህዪት እርጉዝ ሆነች። ለሐውልቱ የግራ እግር የሚሆነውን ትልቁን ድንጋይ ስታወጣ ዳገቱ ወገብ ላይ ወደቀች፣ ውርንጭላዋንም እዚያው ጨነገፈች። እዚህ ላይ አልቀልድም። ድንጋዩን በማግስቱ መልሰው ጫኑባት።

ሐውልቱ አለቀ። ቁመቱን ልንገራችሁ? ጆሮው ጫፍ ላይ የተፈለፈለች ጫጩት እየተንከባለለች መሬት እስክትደርስ አርጅታ፣ ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታለች። የክረምት ደመና በዚያ በኩል ሲያልፍ ጎኑ ተቀዶበት ዝናቡን አለ ወሩ ይጥላል። አገሩም ጠዋት ጠዋት እየሄደ ሦስት ሦስት ጊዜ እጅ ሲነሳ ሰባት ዓመት ኖረ።

ከዚያ የንጉሡ ጥርስ ረገፈ። አንድ ማለዳ ጎምለል ብሎ ወጥቶ ሊያገሳ አፉን ሲከፍት ከውስጡ የወጣው ድምፅ የድመት ሆነ። አራዊቱ ተያዩ። መጀመሪያ ከርከሮ ሳቀ። ከዚያ ሚዳቋ ሳቀች። ቀትር ላይ አንበሳ እያነከሰ፣ ጎፈሬው ላይ ጭቃ እየተወረወረበት፣ ቁልቁል ወደ ቆላ ወረደ። ዳግመኛም ያየው የለም። የዚያን ዕለት የተጨፈረው ጭፈራ ያስነሳው አቧራ ገና አልሰከነም፤ ይኸው እኔን እስካሁን የሚያስለኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ነፃ ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ውሃ ሊጠጣ ወደ ምንጩ ወረደ። ሐውልቱ እንደቆመ ነው። አራዊቱም አንድም ሳይቀር፣ ሳያስቡት፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሱ!

ሦስተኛውን ነስተው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ኀፍረቱ ለጉድ ነው። ከርከሮ «እኔ እንኳ ጥርሴን ልስል ጎንበስ ብዬ ነው» አለ። ሚዳቋ «እኔ እሾህ ወግቶኝ ነው» አለች። ማንም ማንንም አላመነም። ያን ጊዜ ነው ሸንጎ ይጠራ የተባለው።

ሸንጎው ሾላው ሥር ተቀመጠ። በዚያ አገር የሸንጎ ሕግ አንድ ነው፤ ሸንጎው እስኪነሳ ድረስ ማንም ማንንም አይበላም። ስለዚህ አያ ጅቦ ከአህዪት ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ እሷን ባየ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ነገር ለማሰብ ይታገላል። ዳኛው አባ ኤሊ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፤ ተራራው ገና ጉብታ ሳለ አዝለውታል ይባላል። አባ ኤሊ ጠዋት አፋቸውን ከፍተው «ይህ የወደቀው ንጉሥ ሐውልት ይፍረስ ወይስ ይቁም?» የሚለውን ጥያቄ ጠይቀው ሲጨርሱ ጥላው ዞሯል።

«ይፍረስ!» አለ አያ ጅቦ ብድግ ብሎ። «የግፍ ምልክት ነው! ደማችን ነው! ላባችን ነው! አጥንታችን ነው!» አጥንት ሲል ለሃጩ ተዝረበረበ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ መቼ አልቦህ ያውቃል?» አለች ሚዳቋ። «ድንጋዩ ሲወጣ ጥላ ሥር ተጋድመህ አልነበር?»

«በልቤ እያዘንኩ ነው የተጋደምኩት!»

ተቀመጠና ከርከሮን በክርኑ ጎሸም አደረገው። «ስማኝማ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ የጅብ ሹክሹክታ ግን እንደምታውቁት ማዶ ይሰማል። «እግሩን አይተኸዋል? ያን የሚያህል እግር ስንት መቅኔ ይይዛል?»

«አያ ጅቦ፣ ድንጋይ እኮ ነው።»

«ውጪው ነዋ ድንጋይ!»

ከርከሮ መሬቱን በአፍንጫው ቆፍሮ ፊቱን ቀበረ። ምን ያድርግ!

እመት ቀበሮ በበኩሏ ጭራዋን አንጥፋ፣ በላዩ ተቀምጣ፣ ሁሉም እስኪያያት ጠበቀች። ከዚያ ተነሳች። «ወገኖቼ» አለች፤ ድምፅዋ ማር የተቀባ ነው። «ማፍረስ የማንም ጉልበተኛ ሥራ ነው። ይሄ ታሪካችን ነው። ነገ ልጆቻችን ምን አለፈባችሁ ሲሉን ምን እናሳያቸዋለን? ባዶ ሜዳ? ይቁም እንጂ!»

«እውነቷን ነው» አለ ግማሹ ሸንጎ።

«ብቻ» አለች ቀበሮ መዳፏን እየላሰች፣ «እንዳለ ይቁም ማለቴ አይደለም። አንበሳ ወርዶ የአንበሳ ራስ ከላይ ተቀምጦ ሲያይ አያምርም። ገላው ይቆይና ራሱ ብቻ ይለወጥ።»

«በማን ራስ?» አለ ጃርት።

«እሱን በኋላ እንመካከርበታለን። እንዲያው ለምሳሌ ያህል፣ ሾጠጥ ያለ አፍ፣ ቀጥ ያለ ጆሮ፣ ጎፈር ያለ ጭራ...»

«ራስ ብቻ አላልሽም? ጭራው ከየት መጣ?»

«ለምሳሌ ነው ያልኩት፣ አንተ እሾሃም!»

በዚህ ተጀመረ። አያልቅም! እኔ ቁራው ሲነግረኝ ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ፤ ራሰ በራ ባልሆን ኖሮ እነጭ ነበር። ሰኞ ይፍረስ ተባለ። ማክሰኞ ይቁም ተባለ። ረቡዕ ግማሹ ይፍረስ፣ ግማሹ ይቁም ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ። ሐሙስ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ሲጨቃጨቁ ጀምበር ጠለቀችባቸው። ዓርብ ሚዳቋ «በጨርቅ ሸፍነነው ፈርሷል ብንልስ?» አለችና ግማሽ ቀን ጨርቅ ከየት ይመጣል ሲባል ዋለ። ቅዳሜ ጃርት «ሐውልትስ ካነሳችሁ ለኔም ይገባኛል፤ አንበሳ ሲባረር ከኋላ አንዴ ወግቼዋለሁ» ብሎ ተነሳ፤ ቂጡን የወጋ ሁሉ ሐውልት ይሠራለት እንደሆነ ሌላ ሸንጎ ተጠራ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ምንጭ ወርደው፣ ሳያስቡት፣ ሦስት ጊዜ እጅ እየነሱ ነው!

እንዲህ አሥራ አንድ ቀን ተጨቃጨቁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ይፍረስ የሚለውም ወገን፣ ይቁም የሚለውም ወገን፣ የተስማሙበት አንድ ነገር ተገኘ።

«መቼም ፍርስራሹ ቆላ መውረድ አለበት» አለ አያ ጅቦ። «አህዪት ታወርደዋለች።»

«ለአዲሱ ራስ የሚሆነው ድንጋይም ከቆላ መምጣት አለበት» አለች እመት ቀበሮ። «አህዪት ታመጣዋለች።»

«እዚህ ላይ እንኳ ተግባብተናል!» አለ ዝንጀሮ በደስታ እያጨበጨበ። ሸንጎው ሁሉ ፊቱን ወደ አህዪት አዞረ።

አህዪት ዳር ላይ ቆማለች። እርጉዝ ናት፤ ቀኗ ደርሷል፤ ሆዷ ሣሩን እየጠረገ ነው የምትሄደው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የጠየቃትም አልነበረም።

«ምነው ዝም አልሽ እትዬ አህዪት?» አለቻት ቀበሮ። «እስቲ አንቺም ተናገሪ፤ አሁን ሁሉም እኩል ነው። ይፍረስ ትያለሽ ይቁም?»

አህዪት ሐውልቱን ከታች እስከ ላይ ቀስ ብላ አየችው።

«ያ የቀኝ ትከሻው ይታያችኋል?» አለች። «እሱ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ይኸው ጠባሳው፤ እስካሁን ፀጉር አላበቀለም። ያ ደረቱ ላይ ያለው ዝርግ ድንጋይ ሦስተኛ ጎድኔ ነው፤ ደመና ባዘለ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል። አገጩ የኋላ እግሬ ነው። እኔ ይሄን ሐውልት ማየት አያስፈልገኝም፤ ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ያ የግራ እግሩ ደግሞ...» ብላ ቆመች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ። «የግራ እግሩ ልጄ ነው።»



«እኔማ» አለ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ያኔም በውስጤ እቃወም ነበር። አንዲት ድንጋይ ስጨምርብሽ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«አዎ፣ ስለጨፈንክ ነው ሁለት የጨመርክብኝ» አለች አህዪት። ከዚያ ወደ ሸንጎው ዞረች። «ይፍረስ ትሉኛላችሁ። ልጅሽ የት ሞተ ብባል የማሳየው እሱን ድንጋይ ነው፤ ሌላ ምልክት የለኝም። ይቁም ትሉኛላችሁ። ልጄን ለገደለ ጠዋት ጠዋት እጅ እየነሳሁ ውሃ ልጠጣ? እኔ የተሸከምኩት ሁለት ሐሳብ ሆኖብኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እናንተ ሳትሸከሙት ይሄን የሚያህል ቁርጥ ያለ ሐሳብ ከየት አመጣችሁ? እኔ ቁርጡን የማውቀው አንድ ነገር ነው። ይሄኛውን ልጄን ለማንም ራስ፣ ለማንም እግር አልሰጥም።»

«ውይ እትዬ!» አለች ቀበሮ ደረቷን ይዛ። «ማን ልጅሽን ጠየቀ? ይሄ እኮ እንደ ድሮው አይደለም። ያኔ ግዳጅ ነበር፤ የአንበሳ ትእዛዝ ነበር። አሁን ነፃ ወጥተናል። ይሄ በፈቃድ ነው፤ ይሄ ደቦ ነው!»

«ደቦ ነው! ደቦ ነው!» አለ ሸንጎው በአንድ አፍ። ቃሏ ደስ አለቻቸው።

የአህዪት ሁለት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምንድን ነው አልሽኝ?»

«ደቦ ነዋ፣ እህቴ።»

«አባ ኤሊ፣ ደቦ ነው መባሉን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባ ኤሊ፤ በዕድሜያቸው እንደዚህ ፈጥነው መልሰው አያውቁም።

«እንግዲያው የደቦው ወግ ይነገርልኝ።»

እመት ቀበሮ የሆነ ነገር እንዳመለጣት ያን ጊዜ ገባት። ግን አባ ኤሊ አፋቸውን ከፍተዋል፤ አባ ኤሊ ደግሞ አፋቸውን ከከፈቱ ዝናብም አያዘጋቸውም። «የደቦ ወግ» አሉ፣ «ከአንበሳም፣ ከአንበሳ አያትም በፊት የነበረ ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሸክም የጠሪው ነው፤ ጠሪው ያልነካውን ሥራ ተጠሪው አይነካም። ሁለተኛ፣ ከጠሪው ቀጥሎ አብሮ የጮኸ በየተራው ይሸከማል። ሦስተኛ፣ አራስና ልትወልድ የደረሰች ደቦ አትጠራም። ደቦ ጠርቶ የሸሸ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቢቃጠል ውሃ የሚያቀብለው፣ ገደል ቢገባ ገመድ የሚወረውርለት የለም።» ዞር ብለው ሸንጎውን አዩት። «እንግዲህ፣ ይፍረስ ብሎ የጠራው ማነው?»

አያ ጅቦ ሰማዩን ማየት ጀመረ። «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» አለ።

«ራሱ ይለወጥ ብላ የጠራችስ?»

እመት ቀበሮ በድንገት ማነከስ ጀመረች። «ይቺ እግሬ... ከሕፃንነቴ ጀምሮ...»

«ትናንት ቆቅ ስታሳድጂ አራቱም ደህና ነበሩ» አለ ጃርት። ቀበሮ ክፉኛ አየችው።

አያ ጅቦ ግን ትንሽ ሲያስብ ቆየና ፊቱ በራ። ጅብ ሲያስብ ፊቱ ከበራ መፍራት ነው። «እሺ!» አለ። «እኔ እጀምራለሁ! ነገር ግን ሲፈርስ በመጀመሪያ የሚሰበረውን እኔ ልፈትሸው!»

«ምን ልትፈትሽ?» አለች ሚዳቋ።

«ታሪኩን!»

ራሱ እንዲወርድ ሁለቱም ወገን ይፈልጋል፤ አንዱ ሊያፈርስ፣ አንዷ ልትለውጥ። ስለዚህ ከራሱ ተጀመረ። ዝንጀሮ በሐረግ አንገቱን አሰረው፤ ሁሉም ተሰልፎ ጎተተ። ሲወድቅ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ መሬቱ ሲናጥ የሦስት አገር ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል ጣለች። አቧራው ሳይሰክን አያ ጅቦ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰና የመንጋጋውን ስባሪ ይዞ ቀጨም!

ቀጭ አለ። የተሰበረው ድንጋዩ አይደለም።

«መቅኔው የት አለ?» አለ አያ ጅቦ አፉን ይዞ።

«ድንጋይ ነው ብዬሃለሁ!» አለ ከርከሮ።

«ውስጡም?»

«ውስጡም!»

«እና ለምንድን ነው እስከዛሬ የፈራነው?» አለ ጅቦ ከልቡ ገርሞት። እስቲ አሁን ለዚህ ምን ይመለስለታል?

የመጀመሪያውን ሸክም፣ የራሱን ትልቁን ስባሪ፣ ጫኑበት። የጅብን ጀርባ ታውቁታላችሁ፤ በፊት በኩል ከፍ፣ በኋላ በኩል ዝቅ ያለ ነው፤ ፈጣሪ ለሸክም አላሰበውም። ድንጋዩን ትከሻው ላይ ሲያደርጉት ተንሸራቶ በጭራው በኩል ይወርዳል። ሲያነሱት ይወርዳል። ሲያነሱት ይወርዳል። ሰባት ጊዜ ወርዶ ሰባት ጊዜ የኋላ እግሩን ጨፈለቀው። በመጨረሻ በሐረግ ጠፍረው አሰሩበት። አህዪት ከሐውልቱ ጥላ ሥር ተጋድማ ታየው ነበር፤ ምጥ ጀምሯታል፤ ያም ሆኖ አላስቻላትም።

«አያ ጅቦ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በል» አለችው። «ትንፋሽህን ከእርምጃህ ጋር አስማማ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ እንዳትቆም፤ እዚያ የቆመ አይነሳም።»

«አንቺ ይሄን ስንት ጊዜ ነው የተመላለስሽው?» አላት።

«ሦስት ዓመት።»

አያ ጅቦ ሊቆጥር ሞከረና ተወው። መንገዱን ጀመረ።

ቀበሮም አላመለጠችም። ለአዲሱ ራስ የሚሆነውን ድንጋይ ቆላ ወርዳ በገዛ ጀርባዋ እንድታመጣ ተፈረደባት። ወረደች። ትልቁን ድንጋይ አየችው፤ ከበዳት። መካከለኛውን አየችው፤ ከበዳት። ትንሹን አነሳች፤ አንገቷን ጠዘጠዛት። ጅቡ ገና ቁልቁል መንገድ ላይ ሳለ ዳገቱን በሩጫ ወጥታ በአፏ ይዛ የመጣችው የቆቅ እንቁላል የምታህል ጠጠር ነበረች።

«ይቺ ናት ራሱ?» አሉ አባ ኤሊ።

«ትንሽ ብትሆንም ቁም ነገር ናት» አለች ቀበሮ እያለከለከች።

ዝንጀሮ ወጥቶ በዚያ ግንድ በሚያህል አንገት ላይ አስቀመጣት። ሽምብራ መሰለች። አገሩ በሳቅ ተንከባለለ። ቁራው ራሱ፣ ይሄን የነገረኝ፣ ፍሬ መስላው ጠልፎ ይዟት በረረና እሩቅ ሄዶ ተፋት። እስከዛሬ ስለዚያ ሲነሳ ያፍራል።

ሳቁ ሲበርድ አባ ኤሊ ተራውን ጠሩ። «ከጠሪው ቀጥሎ ይፍረስ ብሎ የጮኸ ማነው? ከርከሮ፣ ሁለተኛው ሸክም ያንተ ነው። ሦስተኛው የሚዳቋ። አራተኛው የዝንጀሮ።»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄን ጊዜ ነው። ከርከሮ፣ ያ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይፍረስ እያለ አረፋ የደፈቀው ከርከሮ፣ ድንጋዩን አየት አደረገና በድንገት ታሪክ ወዳድ ሆነ! «ሳስበው» አለ፣ «ልጆቻችንስ ምን ያያሉ?» ሚዳቋ «እኔም ደጋግሜ ሳየው አሠራሩ ያምራል» አለች። ዝንጀሮ «እኔ ከመጀመሪያውም ይቁም ባይ ነኝ፤ ያቆመው ማን ሆነና?» አለ። ጀርባ ሲጠየቅ ይፍረስ የሚል አንድ አፍ ጠፋ! እመት ቀበሮ አጋጣሚውን አላሳለፈችም፤ ዘላ ጉቶ ላይ ወጣች። «እንግዲያው የወረደው ራስ ይመለስ!» አለች። «ይመለስ!» አለ ሸንጎው። በጭብጨባ ጸደቀ። ጃርት ለአያ ጅቦ እንዲነግር ተላከ፤ ሌላውም ጉዱን ሊያይ እስከ ዳገቱ አፋፍ ተከተለው።

አያ ጅቦ በዚያ ሰዓት ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ቆሟል። እንዳትቆም ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ቆመ። ሐረጉ ትከሻውን በልቶት ሥጋው ታይቷል። ከእግሩ ሥር ሣር ያላበቀለ ትንሽ ቦታ አለ፤ እሱን እያየ ነው።

«አያ ጅቦ!» አለ ጃርት እየተንከባለለ ደርሶ። «ሁለት ወሬ ይዤልሃለሁ!»

«የቀለለውን አስቀድም» አለ ጅቦ።

«እትዬ አህዪት ወለደች! ሴት ናት፤ ደህና ናት፤ እናቲቱም ደህና ናት! የሐውልቱ ግራ እግር ሥር ነው የወለደቻት። ውርንጭላዋ ልትቆም ብድግ ስትል ወደቀች፤ ደግማ ስትነሳ በዚያው በግራ እግሩ ተደግፋ ቆመች። እትዬም አልቅሳ አልቅሳ፣ 'እግሩን እንዳትነኩት፤ ስለ ራሱ የምታደርጉትን አድርጉ፣ ብቻ በእኔ ጀርባ አይሁን' ብላለች።»

አያ ጅቦ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «የመጀመሪያው ልጇ» አለ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ቦታ እያሳየ፣ «እዚህ ነው አይደል የወደቀባት?»

«እዚያ ነው።»

«ልክ ነው። እኔም እዚህ ስደርስ ነው ዓለም የጠቆረብኝ።» ድንጋዩን ወደ ላይ ገፋ አደረገው። «ሁለተኛውስ ወሬ?»

ጃርት እሾሁን አጥፎ ድቡልቡል አለ፤ የሚያስከፋ ነገር ሲናገር እንዲህ ነው። «ሸንጎው ሐሳቡን ለውጧል። ራሱ ይመለስ ተብሏል።»

«ምን?»

«ወደ ላይ ይመለስ ተብሏል።»

«ማን ይመልሰዋል?»

«እንግዲህ... ጀርባህ ላይ ስላለ... አንተው...»

ይሄኔ ከላይ፣ ከአፋፉ፣ የእመት ቀበሮ ድምፅ ተሰማ። ጭራዋን ነስንሳ፣ አገሩን ሁሉ ከኋላዋ አሰልፋ፣ ንግግር ጀምራለች። «ወገኖቼ! ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ለትውልድ የሚተላለፍ አንድ ትምህርት መቅረቱ አይቀርም! እሱም ምንድን ነው ቢሉ...»

ቀበሮ ትምህርቱን አስባ አልጨረሰችም ነበር። አያ ጅቦ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እውነት ተናግሯል፤ እሱም አምልጦት ነው። ድንጋዩን እንደተሸከመ አንገቱን ወደ አፋፉ አቅንቶ፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸ፤

«ከዚህ የምንማረው፣ ይፍረስም የሚል ይቁምም የሚል ሁሉ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን በገዛ ጀርባው ተጭኖ ዳገቱ ወገብ ላይ ይምጣና እዚህ ሆኖ ይጩኽ!»